ምጣዱ ሲቆም ከመክፈላችን በፊት እንመርምር
በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብልሽት ነው። ከመካከላችን እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤትና ለሱቅ የሚያስረክቡ አሉ። ለእነሱ ምጣዱ አንድ ቀን ቆመ ማለት ሊጡ ከመጠን በላይ ኮመጠጠ፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ሄደ፣ የዕቁቡ ገንዘብ ጎደለ ማለት ነው። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነን ጠጋኝ ስንጠራ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብቻ ይሆናል። መቅደም ያለበት ግን «የተበላሸው ምኑ ነው?» የሚለው ነው።

እኛ መርካቶ ስለሆንን ሸክላውም፣ ረዚስታንሱም፣ ላሜራውም፣ ጄሶውም ቅርባችን ነው። ምን አለሽ ተራ ደግሞ ከአሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ የሚወጣበት ቦታ ነው። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ዕቃው ቅርብ ስለሆነ ሳይመረመር መቀየር ይቀናናል።

ምጣድ ሥራው ግልጽ ነው። ከሸክላው ጀርባ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ይዞራል፤ ረዚስታንስ የምንለው እሱን ነው። በጄሶ ይሸፈናል። ከእሱ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ገመዱ፣ ወንዴ ሶኬቱ፣ የግድግዳው ሶኬት፣ ብሬከሩና ቆጣሪው አሉ። ምርመራ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ቀላሉና ርካሹ ብልሽት ውጭ ነውና።

አንደኛ፣ ምጣዱ ጭራሽ ካልሞቀ። የካርድ ቆጣሪ ያለን ሂሳቡ አልቆ እንደሆነ እንይ፤ ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነም እንመልከት። ቀጥሎ የሚሠራ ሌላ ዕቃ እዚያው ሶኬት ላይ እንሞክር። እሱም ካልሠራ ችግሩ የቤቱ መስመር እንጂ የምጣዱ አይደለም። እሱ ከሠራ ምጣዱን ነቅለን ወንዴውን ሶኬት እንመልከተው፤ ጠቁሯል? ቀልጧል? 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። የተለመደው የቤት ሶኬት የሚችለውም እስከዚያው ነው። ስለዚህ የላላ ሶኬት ወይም ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ይግላል፣ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ ብልሽቱ እዚህ ሆኖ ሳለ ረዚስታንስ ይቀየራል።

ሁለተኛ፣ ምጣዱ ሞቆ ከደከመ። ይህ የኃይል መቀነስ ሊሆን ይችላል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሙቀቱን ሲሶ ያህል ያጣል። እንግዲህ ማታ አልበስል ያለው እንጀራ ሌሊት ወይም ረፋድ ላይ ደህና ከወጣ፣ ምጣዱ ጤነኛ ነው። መለወጥ ያለበት የመጋገሪያ ሰዓታችን ነው።

ሦስተኛ፣ እንጀራው አንድ ቦታ እያረረ ሌላ ቦታ ጥሬ ከሆነ። ሽቦው በቦዩ ውስጥ እኩል አልተዘረጋም ማለት ነው፤ የተጠጋጋበት ያራል፣ የሳሳበት ይቀዘቅዛል። ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው።

ረዚስታንሱ መበጠሱን በግምት ሳይሆን በቴስተር እናረጋግጥ። ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው በርቶ፣ በወንዴው ሶኬት ሁለት እግሮች ላይ ሲለካ የ3,500 ዋት ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ መንገዱ አንድ ቦታ ተቆርጧል፤ ገመዱና ማብሪያው ለየብቻ ተለክተው ደህና ከሆኑ የተበጠሰው ረዚስታንሱ ነው። የተበጠሰውን ጠምዝዞ መቀጠል ለዛሬ ያበስላል፤ መጋጠሚያው ግን ከሌላው ይበልጥ እየጋለ እዚያው ይበጠሳል። ሽቦው ባጠረ ቁጥርም ምጣዱ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ ሶኬቱን ያቃጥላል። አዲስ ስንገዛ ዋቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን እንጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ትንሽ ይነዝረኛል እንጂ ደህና ይሠራል» ስንባባል እሰማለሁ። እህቶቼ፣ የሚነዝር ምጣድ ደህና አይደለም። እጃችን በሊጥና በውሃ እርጥብ ነው፤ ወለሉም እርጥብ ነው፤ ሕፃናት በአጠገባችን ያልፋሉ። ዛሬ ነዝሮ የተወን ነገ ሊገድል ይችላል። ምክንያቱ ሸክላው ተሰንጥቆ እርጥበት ወደ ሽቦው መግባቱ፣ ጄሶው ሳይደርቅ መሠራቱ፣ ወይም የተላጠ ገመድ ላሜራውን መንካቱ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ሸክላ ይቀየራል እንጂ አይለጠፍም። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ከላሜራው ጋር በደንብ መታሰር አለበት፤ የቤቱ ሶኬትም የመሬት መስመር ሊኖረው ይገባል። «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረ» ብሎ ሽቦውን የሚቆርጥ ወይም ትልቅ ብሬከር የሚያስገባ ጠጋኝ ጠባቂያችንን ነው ያባረረብን።

ስለዚህ ድንበራችንን እንወቅ። ሶኬትና ገመድ ማየት፣ ሌላ ዕቃ መሞከር፣ ነቅሎ በቴስተር መለካት የእኛ ነው። ቆጣሪና ብሬከር መነካካት፣ ጄሶ ፈልፍሎ ሽቦ ማውጣት የባለሙያ ነው። ባለሙያው ሲመጣም ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ የተበላሸውን ክፍል አሳየኝ፤ አሮጌውን ዕቃ ትተህልኝ ሂድ፤ ስትጨርስ ላሜራው ኤሌክትሪክ አለመያዙን በፊቴ ለካ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዕድር ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ እንደሚይዝ፣ ማኅበራችንም አንድ ቴስተር በጋራ ይኑረው፤ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሴቶችም አጠቃቀሙን ይማሩ። ደጋፊዎቻችንም አዲስ ምጣድ ከመግዛት በፊት ለወፍራም ገመድ፣ ለጥሩ ሶኬትና ለመሬት መስመር ቢያግዙን፣ ያለን ምጣድ ብዙ ጊዜ ያገለግለናል፤ ጋጋሪዋም በሰላም ውላ ትገባለች።