ያልደረሰች መርከብ ስም፦ የ«ብላክ ስታር» የመጀመሪያ አልበም ሲደመጥ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ይህን ገለጻ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ግጥሙን ነው ወይስ ጩኸቱን የሚያሰሙን?» ሲሉ ቀለዱብኝ። ቀልዱ ቁም ነገር አለው። ራፕን ከሥነ ጽሑፍ ክፍላችን ደጃፍ የምንመልሰው ብዙ ጊዜ ሳናደምጠው ነው፤ አልፎ አልፎ የምናስገባውም እንዲሁ ሳናደምጠው፣ ወጣቶችን ለማስደሰት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም ንቀት ናቸው። ዛሬ የምሞክረው አንድን አልበም እንደ አንድ የግጥም መድበል በትዕግሥት መመርመር፣ ጉድለቱንም ሳልሸሽግ ማድነቅ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ «ሞስ ዴፍ ኤንድ ታሊብ ክወሊ አር ብላክ ስታር» ይባላል። በ1998 በኒው ዮርክ፣ ሮከስ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ወጣ። 13 ክፍሎች አሉት፤ ተደምጦ ለማለቅ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ባለቤቶቹ ሁለት የብሩክሊን ልጆች ናቸው። ሞስ ዴፍ፣ ዛሬ ያሲን ቤይ ተብሎ የሚጠራው፣ በ1973 ተወለደ፤ ታሊብ ክወሊ በ1975። ታሊብ በዐረብኛ ተማሪ፣ ፈላጊ ማለት ነው፤ ክወሊ በስዋሂሊ እውነት ነው። ስሙ በኛ አገር አነጋገር ቢፈታ «የእውነት ተማሪ» ይሆናል። ወላጆቹ በዩኒቨርሲቲ የሠሩ ስለሆኑ ስሙ በአጋጣሚ የወጣለት አይመስለኝም።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የያዙት ስም ግን ከግል ስማቸው የከበደ ነው። የዛሬው ገለጻዬም በዚህ ስም ዙሪያ የሚሽከረከር ይሆናል።

«ብላክ ስታር»፣ ጥቁር ኮከብ፣ የተወሰደው ከማርከስ ጋርቬይ የመርከብ ኩባንያ ነው። የጃማይካው ተወላጅ ጋርቬይ በ1919 ኒው ዮርክ ውስጥ «ብላክ ስታር ላይን» የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ዓላማው በጥቁሮች ገንዘብ የተገዙ መርከቦች አሜሪካን፣ ካሪቢያንንና አፍሪካን በንግድና በጉዞ እንዲያገናኙ ነበር። አንዱ አክሲዮን በ5 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ገዢዎቹም በአብዛኛው ከዕለት ጉርሳቸው የቆጠቡ ሠራተኞች ነበሩ። ነገሩ አልሰመረም። የተገዙት መርከቦች ያረጁና ከዋጋቸው በላይ የተከፈለባቸው ነበሩ፤ ጥገናቸው ገንዘቡን በላው፤ አስተዳደሩ ደካማ ነበር፤ የመንግሥት ሰላዮችም ከውስጥ ይከታተሉት ነበር። ኩባንያው በ1922 ሥራ አቆመ። ጋርቬይ በ1923 በፖስታ በተፈጸመ ማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ፤ በ1927 ከአገር ተባረረ፤ በ1940 ለንደን ውስጥ ሞተ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይቅርታ ያደረጉለት ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በጥር 2025 ነው። ከኩባንያው መርከቦች አንዷም አፍሪካ አልደረሰችም።

እዚህ ላይ ታሪኩ የኛን ደጃፍ ያንኳኳል። የጋርቬይ ማኅበር በ1920 ጉባኤው ለዓለም ጥቁር ሕዝብ መዝሙር ብሎ የመረጠው ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ብሎ የሚጠራ መዝሙር ነበር። ከደራሲዎቹ አንዱ የባርቤዶስ ተወላጁ አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ ናቸው። መርከቦቹ ባይደርሱም የመዝሙሩ ደራሲ ደረሱ፤ በ1930 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ባለቤታቸው ሚኞን ፎርድ እዚሁ ቀርተው ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ልጃቸው ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ኩባንያው የከሰረ ሐሳብ፣ በመዝሙርና በትምህርት ቤት በኩል እኛ ዘንድ ገብቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ወጣቶች ለመጀመሪያ ሥራቸው ስም ሲፈልጉ የመረጡት የድል ስም አልነበረም። የከሰረ ኩባንያ፣ ያልደረሰ መርከብ ስም ነበር። የአልበሙ ዋና ጥያቄም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ትልቅ ሐሳብ ከስሮ ሲያበቃ ለልጆቹ ምን ይተርፋል?

ጥያቄው በ1998 ባዶ ፍልስፍና አልነበረም። ቱፓክ ሻኩር በመስከረም 1996፣ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በመጋቢት 1997 በጥይት ተገድለዋል። የሂፕ ሆፕ ሁለቱ ታላላቅ ድምፆች በስድስት ወር ልዩነት ጠፉ። በገበያው ላይ የሀብት ትርኢት ነግሦ ነበር። «ዴፊኒሽን» የተባለው የአልበሙ ታዋቂ ዘፈን በዚህ ሐዘን ላይ የቆመ ነው። አዝማቹ የልጆች መቁጠሪያ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በመቁጠሩ መካከል የሁለቱን ሟቾች ዕጣ ያስታውሳል። ዜማው ቡጊ ዳውን ፕሮዳክሽንስ የተባለው የብሮንክስ ቡድን ያወጣቸውን የቀደሙ ሥራዎች ይጠራል። ሐዘን በጭፈራ ምት ሲቀርብ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የሙሾ አውራጅ ድምፅም ደረት እያስመታ በምት ይሄዳል።

«ችልድረንስ ስቶሪ»፣ የልጆች ተረት፣ ሌላ መንገድ ይይዛል። ስሊክ ሪክ በ1988 ያወጣው ተመሳሳይ ስም ያለው ዘፈን ዘረፋ ውስጥ ገብቶ የሞተ ልጅ ታሪክ ነው። ሞስ ዴፍ የተረቱን አቀራረብ እንዳለ ይዞ ወንጀሉን ይለውጣል፤ የሱ ልጅ የሚሰርቀው የሰው ዜማ ነው፤ ለገንዘብ ሲል። ልብ በሉ፤ ስርቆትን የሚከሰው ዘፈን ራሱ ከሌላ ዘፈን ላይ የተገነባ ነው። በመውረስና በመስረቅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ዘፈኑ የሚመልሰው በተግባር ነው፤ የወረሰ ሰው ከማን እንደወረሰ በግልጽ ያሳያል፤ የወሰደውንም ለውጦ ይመልሳል።

በአልበሙ ውስጥ እጅግ የተዋጣለት ሥራ ግን ለኔ «ሬስፒሬሽን» ነው፤ መተንፈስ ማለት ነው። በሥራው የቺካጎው ኮመን ሦስተኛ ድምፅ ሆኖ ይገባል። ዘፈኑ የሚከፈተው ከ1983ቱ «ስታይል ዋርስ» ዘጋቢ ፊልም በተወሰደ ድምፅ ነው፤ አንድ ወጣት ሌሊቱን በባቡር ፉርጎዎች ላይ ሲሥል እንዳደረ ይናገራል። ከዚያ ሞስ ዴፍ ከከተማዋ በላይ ከተንጠለጠለችው ጨረቃ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ከተማዋ ሴት ናት፤ ትተነፍሳለች፤ ደራሲዎቹም እንቅልፍ ያጡ ልጆቿ ናቸው። ብሶት አለ፣ ስብከት ግን የለም። ከተማዋ አልተረገመችም፣ አልተወደሰችምም፤ ተደመጠች ብቻ። አዲስ አበባን በሌሊት፣ የውሻ ጩኸትና የማለዳው ቅዳሴ ድምፅ ሲቀላቀሉ ያደመጠ ሰው ይህን ትዕግሥት ይገነዘበዋል።

ስለ አሰኛኘቱም አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ዓይነት ገለጻ ላይ «ይህ የነሱ ሰምና ወርቅ ነው» ማለት ይቀናናል። እኔ አልልም። በቅኔ ውስጥ ወርቁ አንድ ጊዜ ከተገኘ ሰሙ ይቀልጣል። በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ያለው ድርብ ፍች ግን በፍጥነት ያልፋል፤ ብዙውም እንዲፈታ ሳይሆን እንዲያብረቀርቅ የተቀመጠ ነው። የቤት አመታቱም ይለያል። በኛ ግጥም ቤቱ የሚመታው በስንኙ ማለቂያ ላይ ነው። እነሱ ግን በአንድ ስንኝ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይመታሉ፤ አንዳንዴም አንዱን ቃል ከሁለት ቃላት ድምር ጋር ያጋጥማሉ። ሞስ ዴፍ ቃሉን ወደ ዘፈን እያስጠጋ ይጎትታል፤ ክወሊ ከምቱ በላይ ቃላት እያጨቀ ይሮጣል። የአልበሙ ሕይወት የሁለቱ አለመመሳሰል ነው።

አሁን ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን በቀጥታ ወደሚመለከተው ዘፈን እንምጣ። «ቲቭስ ኢን ዘ ናይት»፣ የሌሊት ሌቦች፣ አዝማቹን የገነባው ከቶኒ ሞሪሰን የ1970 ልቦለድ «ዘ ብሉዌስት አይ» መዝጊያ ገጾች ነው። የልቦለዱ ማዕከል ፔኮላ የተባለች ጥቁር ልጅ ናት፤ ሰማያዊ ዓይን ቢኖራት የምትወደድ ይመስላታል። በመጨረሻ ተራኪዋ ክላውዲያ ራሷንና መንደሩን ሁሉ ትከሳለች። በጎ ምግባር መስለው የታዩት ነገሮች የምግባሩ ጥላ ብቻ እንደነበሩ አንድ በአንድ እየለየች፣ ሁሉም በልጅቱ ውርደት ላይ ቆሞ ራሱን እንዳሳመረ ትናዘዛለች። ሁለቱ ራፐሮች ይህን ኑዛዜ ሲወስዱ «እኛ» የሚለውን ቃል አልጣሉትም። በልቦለዱ «እኛ» አንዲት ሕፃን የሠዋ መንደር ነው፤ በዘፈኑ «እኛ» ጉልበትን ከነፃነት፣ ትርኢትን ከክብር ጋር ያምታታ ትውልድ ነው፤ ዘፋኞቹም ከነውስጡ ናቸው። ሌላውን ብቻ የሚወቅስ ራፕ ብዙ ነው፤ ራሱን የሚከስ ጥቂት። የአልበሙ ትልቅነት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ነገር ግን በዚሁ ሚዛን አልበሙን ራሱን ልንመዝነው ይገባል። «ብራውን ስኪን ሌዲ» የተባለውን ዘፈን «ጠይም እመቤት» ብለን ብንተረጉመው ለጆሯችን እንግዳ አይሆንም፤ የጠይም ልጅ ውዳሴ ዘፈኖቻችንን የሞላ ነውና። ውዳሴው ቅን ነው። ሆኖም ፔኮላን ያጠፋት የሌሎች ዓይን ነበር፤ ይህ ዘፈንም በሌላ ዓይን የሴትን መልክ የሚመዝን የወንድ ድምፅ ነው። መስፈርቱ ተገለበጠ እንጂ ሚዛኑ ከወንዱ እጅ አልወጣም። በራፕ የምንሰማት ሴት፣ ጄን ዶ፣ የምትመጣው በመጨረሻው ክፍል ነው። «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያልን ሰውን በቆዳው የምንጠራ እኛም ይህን ጥያቄ ለሌላ አገር ሰዎች ብቻ ልንተወው አንችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነው። ይህ ሙዚቃ «አንደርግራውንድ» ይባላል፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሮከስን በጅምሩ በገንዘብ ከደገፉት አንዱ የመገናኛ ብዙኃኑ ባለጸጋ የሩፐርት መርዶክ ልጅ ጄምስ መርዶክ ነበር። ይህ የዘፈኖቹን እውነት አይሽርም፤ የኛን የዋህነት ግን ይሽራል። ጋርቬይ በሠራተኞች 5 ዶላር የጀመረው ከሰረ፤ ስሙን የወረሰው አልበም በባለጸጋ ልጅ ገንዘብ ታግዞ ደረሰ። ነፃ ጥበብ የማን መርከብ ላይ እንደሚሳፈር መጠየቅ የአድናቂ ግዴታ ነው።

ለመነሻው ጥያቄ መልስ የማገኘው ከአልበሙ ውጭ በሆነ አንድ ትንሽ ነገር ውስጥ ነው። ብሩክሊን ውስጥ ንኪሩ የተባለ የጥቁሮች መጻሕፍት መደብር ነበር፤ ክወሊ በወጣትነቱ ተቀጥሮ ሠርቶበታል። መደብሩ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ ሁለቱ ጓደኞች ገዙት። መርከብ አልገዙም፤ የመጻሕፍት መደብር ገዙ። ከፎርድ መዝሙር በኋላ ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ሁሉ፣ ከሞሪሰን ልቦለድ በተቀዳው ዘፈን አቅራቢያም የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆሟል። ከከሰረ ሐሳብ የሚተርፈው ምናልባት ይህ ነው፤ የሚነበብ፣ የሚዘመርና ለሚቀጥለው የሚተላለፍ ነገር።

ሁለተኛ አልበማቸውን ያወጡት ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ዛሬ ማታ «ሬስፒሬሽን»ን አንድ ጊዜ ቃሉን ሳትከታተሉ፣ አንድ ጊዜ ግጥሙን ይዛችሁ አድምጡ። ከዚያ የሞሪሰንን ልቦለድ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ። ባልደረባዬ ለጠየቁኝ ጥያቄም መልሴ ይህ ነው፦ ግጥሙንም ጩኸቱንም፤ ጩኸቱ ውስጥ የተሰወረውን ንባብ ጭምር።