ኳስ እግር ሥር በሌለችበት ሰዓት

የዛሬው ወግ ስለ እግር ኳስ ነው፤ በተለይም በቴሌቪዥን ካሜራ ብዙም ስለማይታየው የጨዋታው ክፍል።

በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በአርባ ምንጭ ወይም በሐዋሳ ሜዳ ዳር የሚቆም ተመልካች ልቡ ቶሎ የሚሸነፈው ለአብዶ ነው። ታዳጊው አንዱን ሸውዶ፣ በሁለተኛው እግሮች መሀል ኳሷን አሾልኮ ሲያልፍ ሜዳው በጭብጨባ ይናጋል። ለምልመላ የመጣ አሰልጣኝም ከዚህ ስሜት በቀላሉ አያመልጥም። ቢደነቅ አይፈረድበትም፤ ኳስ የማትታዘዘው ልጅ የትም አይደርስም። ይሁን እንጂ በ90 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ኳስ በአንድ ተጫዋች እግር ሥር የምትቆየው ቢበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። በቀሪው ጊዜ ልጁ የት ይቆማል? ምን ያያል? ኳስ ሲነጠቅ ምን ያደርጋል? በብዙ ሜዳዎች እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሱ አይሰማም።

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጊየር ዮርዴት ለዚህ ጉዳይ ዓመታት ሰጥቷል። ካሜራው ኳሷን መከተሉን ትቶ አንድ ተጫዋች ላይ ብቻ እንዲያነጣጥር አደረገ። ከዚያም ተጫዋቹ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ስንት ጊዜ አንገቱን እያዞረ ዙሪያውን እንደሚቃኝ ቆጠረ። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አማካዮች ላይ ያገኘው ውጤት፣ አዘውትሮ የሚቃኝ ተጫዋች የሚያቀብለው ኳስ ይበልጥ እንደሚሳካ የሚያሳይ ነበር። ፍራንክ ላምፓርድና ስቲቨን ጄራርድ ከፊተኞቹ ተርታ ተገኙ። የባርሴሎናው ዣቪም በዚህ ልማዱ የታወቀ ነው። ዣቪ ሩጫው ፈጣን፣ ሰውነቱም ግዙፍ አልነበረም። ኳስ እግሩ ስትደርስ ግን ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ወስኖ ይጠብቃታል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ለማሰልጠን ገንዘብ አያስፈልግም። ታዳጊው ኳስ ሊቀበል ሲል ረዳቱ ከኋላው ቆሞ ጣቶቹን ያነሳል፤ ልጁ ዞር ብሎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገርና ኳሷን ይቀበላል። አቧራማ ሜዳ ላይ፣ አንዲት ኳስ ብቻ ባለችበትም ይሠራል። ልምምዱ በአሥር ዓመቱ የተጀመረለት ልጅ በሃያ ዓመቱ ሳያስበው ያደርገዋል። አብዶውም አይቀርበትም፤ እንዲያውም መቼና የት እንደሚያዋጣ ያውቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰውነት እድገት ነው፤ እዚህ ላይ የብዙ ልጆች ዕድል ይበላሻል። በአንድ የዕድሜ ምድብ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች፣ አንዱ በዓመቱ መጀመሪያ ሌላው በመጨረሻው ወር ከተወለዱ፣ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አላቸው። በ12 ዓመት ይህ ብዙ ነው። ትልቁ ይገፋል፣ ይቀድማል፣ ይመረጣል፤ ስለተመረጠም የተሻለ ስልጠና ያገኛል። በአውሮፓ አካዳሚዎች በምድቡ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች እንደሚበዙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

በፈረንጆቹ 2018 ሞስኮ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወቱትን ፈረንሳይንና ክሮኤሽያን ብናስታውስ ነገሩ ይጎላል። የክሮኤሽያው አምበል ሉካ ሞድሪች በልጅነቱ ሃይዱክ ስፕሊት የተባለው ክለብ በትንሽነቱ አልቀበልም ያለው ነው። አንቷን ግሪዝማንን የፈረንሳይ ክለቦች በቁመቱ ሳቢያ እየመለሱት፣ በመጨረሻ ድንበር ተሻግሮ በስፔኑ ሪያል ሶሲዳድ አደገ። ንጎሎ ካንቴም እስከ ጉልምስናው ድረስ በዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች ቆይቷል። ሦስቱም በዚያ ምሽት ሜዳ ላይ ነበሩ። እንግሊዛዊው ጄሚ ቫርዲ ደግሞ በ16 ዓመቱ ከሼፊልድ ዌንስደይ ተሰናብቶ፣ ቀን ፋብሪካ እየሠራ በትንሽ ክለብ ሲጫወት ቆይቶ በፈረንጆቹ 2016 ከሌስተር ጋር የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ጠንክረው ስለቀጠሉ ስማቸውን ሰማን። በዚያው ዕድሜ ተመልሰው ኳስ የተዉትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ቤልጂየም ለዚህ መላ አበጅታለች። አካላቸው ዘግይቶ ለሚያድግ ታዳጊዎች የተለየ ብሔራዊ ቡድን አቋቁማ፣ እስኪጎለብቱ ድረስ ከዓይን እንዳይጠፉ ታደርጋለች።

ወደ አገራችን ሲመጣ ችግሩ ይወሳሰባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የተረጋገጠ የልደት ሰነድ የላቸውም። ዕድሜ ቀንሶ ማጫወት የአፍሪካ እግር ኳስ የቆየ ሕመም መሆኑን ማንም አይክድም። ፊፋም ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። የታዳጊዎችን ዋንጫ በጎረመሱ ወጣቶች የወሰደ ቡድን ለጊዜው ይጨፍራል። በዚያ ሜዳ ተገፍቶ የወደቀው እውነተኛ የ14 ዓመት ልጅ ግን ኳስ የማይችል ይመስለዋል። ይህ ትልቅ በደል ነው።

በልጅነት ያልተሠራው ነገር በብሔራዊ ቡድናችን እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት ደግሞ ጥር 2005 ዓ.ምን እናስታውስ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩይት የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው እየተጫወቱ፣ ከኋላ ተነስተው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያዩ። ከአራት ቀን በኋላ በቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየተመሩ ሳለ በቀይ ካርድ የወጣው የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ ነበር። አንድ ሰው ተርፎን ሦስት ጎል ተጨመረብን፤ 4 ለ 0። ያ ቡድን ኳስ ማንሸራሸር አላነሰውም። ጎሎቹ የገቡት ኳስ ሲነጠቅ ማን ወዴት እንደሚመለስ በጠፋበት፣ እግር በዛለበትና ልብ በቸኮለበት ሰዓት ነው። እነዚህ ደግሞ በብሔራዊ ቡድን ካምፕ በሁለት ሳምንት የሚገኙ አይደሉም። በልጅነት የሚገነቡ ናቸው።

በጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድናችንም በፍጻሜው በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆኗል። ከዚያም በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 አሸነፈ። መንግሥቱን ሰው የሚያስታውሰው በጥበቡ ነው፤ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የነበረው ጉልበትና ጽናትም የዚያኑ ያህል ሊወራለት ይገባል።

ትምህርትም ታዳጊን የማሳደግ አካል ነው። በሴኔጋል እነ ፓትሪክ ቪየራና በርናርድ ላማ የመሠረቱት ዲያምባርስ፣ በጋና ደግሞ ራይት ቱ ድሪም የተባለው አካዳሚ ኳስና ቀለም ጎን ለጎን ያስኬዳሉ። ከመጀመሪያው ኢድሪሳ ጋና ጌዬ፣ ከሁለተኛው መሐመድ ኩዱስ ወጥተዋል። ወደ አካዳሚ ከሚገቡ ልጆች አብዛኞቹ ፕሮፌሽናል አይሆኑም፤ ደብተሩን ጥሎ የወጣ ልጅ በ18 ዓመቱ ሲሰናበት ባዶ እጁን ነው። እኛ ዘንድ ከዚህም የሚቀድም ነገር አለ። ቁርስ ሳይበላ ልምምድ የመጣ ልጅ ላይ የሚጮኽ አሰልጣኝ፣ ስንፍና ያለው ነገር ረሃብ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር አለበት።

ክረምት ሲገባ የየሰፈሩ ውድድር ይጀመራል፤ መልማዮችም ይወጣሉ። አንድ ልጅ መርጠው፣ ኳሷን ሳይከተሉ፣ አሥር ደቂቃ እሱን ብቻ ይዩት። አንገቱን ስንት ጊዜ እንዳዞረ፣ ኳስ በተነጠቀ ጊዜ ቆሞ እንዳማረረ ወይስ ተመልሶ እንደሮጠ፣ ጓደኛው ሲሳሳት ምን እንዳለው ይመዝግቡ። ትንሹንም ልጅ «አትሆንም» ብለው ከመሸኘት ስሙን ጽፈው ይያዙት፤ በሚቀጥለው ክረምት ጠርተው እንደገና ይዩት።