ስለ መሳያ ድንጋይ ምርጫ
(በእንጨት ሥራ ክፍል ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ስለ ትልቅ ፍልስፍና አይደለም፤ ስለ አንድ ክብ ድንጋይ ነው። በሚመጣው ስብሰባ ስለ ድንጋይ ግዥ ድምፅ ስለምትሰጡ፥ ነገሩን ሳታውቁ እጃችሁን እንዳታነሡ ብለን ነው።

በቶርኖ ላይ ወይራ ስንቀርጽ መሮው ቶሎ ይደነዝዝብናል። እኛም ብዙ ጊዜ መሮውን ስንረግም ኖረናል። ጥፋቱ ግን የመሮው አልነበረም። በማሽናችን ላይ ያለው ግራጫ ድንጋይ ለተራ ብረት ሥራ የተሠራ፥ ሻካራና ጠንካራ ነው። ፊቱ በብረት ብናኝ ሲደፈን መቁረጡን ትቶ ማሸት ብቻ ይሆናል፤ ማሸትም ሙቀት ነው። የመሮው ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ የምታዩት ስለዚህ ነው። መሮው ተራ የካርቦን አረብ ብረት ከሆነ፥ ሰማያዊ የሆነው ክፍል ጥንካሬውን አጥቷልና ተስሎ መውጣት አለበት። ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ግን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንኳ ይታገሣል። እሱን በጋለ ጊዜ ውኃ ውስጥ መንከር ነው የሚጎዳው፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያመጣበታል።

ታዲያ ምን እንግዛ? ለጠንካራ ብረት የሚስማማው ለስላሳ ድንጋይ ነው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። ለስላሳ የሚባለው ቅንጣቶቹን የያዘው ማያያዣ ነው። የደነዘዘው ቅንጣት ቶሎ ሲረግፍ ከሥሩ ስለታሙ ይወጣል፤ ድንጋዩም ብረቱን ሳያግል ይስላል። ነጩ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ እንዲህ ያለ ነው። በጎኑ የተጻፈውን አንብቡ፤ ቁጥሩ የቅንጣቱን ልክ ያሳያል፤ 60 ቅርጽ ለማውጣት፥ 80 ወይም 120 ለመሳል ነው። ፊደሉ የማያያዣውን ጥንካሬ ሲያመለክት ከኤ ይጀምርና በዜድ ያበቃል፤ ለእኛ ጄ ወይም ኬ ይበቃናል። አረንጓዴው ሲሊኮን ካርባይድ ለእኛ መሮ አይሆንም።

በ1957 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዌንቶርፍ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ የሠራው ኪዩቢክ ቦሮን ናይትራይድ የተለበጠበት መንኮራኩርም አለ። ፊቱን ማስተካከል አያሻውም፤ ውፍረቱም ሆነ ክበቡ አይቀንስም ለማለት ይቻላል። ከእኛ ሁለቱ እሱ ይገዛ ይላሉ። የቀረነው አንስማማም፤ ዋጋው የነጩን ብዙ እጥፍ ነው። ማሽኑንም የብረት ሥራ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል፤ አንዱ ለስላሳ ብረት ወይም አልሙኒየም ቢያስነካው ፊቱ ይደፈናል። ስለዚህ ባለ 80 ነጭ ድንጋይና ፊቱን የምናስተካክልበት የአልማዝ ጫፍ ይገዛ እንላለን።

የቀረው የሕይወት ነገር ነው። የሀገራችን መብራት 50 ሄርትዝ ስለሆነ ፈጣኑ ሞተር በደቂቃ 2,900 ጊዜ ያህል፥ ዝግተኛው 1,450 ያህል ይዞራል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ወሰን ከሞተሩ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ከመግጠማችሁ በፊት ድንጋዩን በቀዳዳው በጣት አንጠልጥላችሁ በእንጨት እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ደኅና ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። በሳጥን የነበረውን ትርፍ ድንጋይ ባለፈው ሳምንት ብንመታው፥ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ገል ሆነብን። ይኸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁላችሁም ከሰማችሁት በኋላ እንሰባብረዋለን።