የወጣ ገንዘብ በሰነድ ይመለሳል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍላችን ከዓመታዊው ሪፖርት ጋር አንድ ጉዳይ ለብቻው እንዲያስረዳ በኮሚቴው ተጠይቋል። ጉዳዩ ከአንድ የውጭ አገር የኢንተርኔት ኩባንያ 240 ዶላር እንዴት እንደተመለሰ ነው። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ በስልክ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ስለሚገቡት የክፍያ ውል ስትጠይቁን ስለቆያችሁ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳለን።

እንዲህ ያለው የደንበኝነት ክፍያ ከእድር መዋጮ ጋር ይመሳሰላል። በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈላል፤ ከፋዩም አገልግሎቱን ያገኛል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የእድር ገንዘብ ሰብሳቢ መጥቶ ይጠይቃል፣ ተቀብሎም ካርኒ ይቆርጣል። ኩባንያው ግን አንዴ የካርዱን ቁጥር ከያዘ ቀኑ ሲደርስ ሳይጠይቅ ይወስዳል። ውሉ በራሱ ይታደሳል። ከፋዩ ዝም ካለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ማኅበራችን ለሁለት ዓመት ከውጭ አገር ኩባንያ የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሲጠቀም ቆይቷል። ክፍያውን የምትሸፍንልን በአሜሪካ የምትኖር የአንዲት አባላችን ልጅ ናት። በዓመት 240 ዶላር በራሷ ክሬዲት ካርድ ትከፍላለች፤ እኛም በእርዳታ ገቢነት እንመዘግበዋለን። በእኛ በሸዋ ቤንች መብራቱም ኔትወርኩም በሚፈለግበት ሰዓት ስለማይገኝ ፕሮግራሙ የታሰበውን ያህል ሊያገለግለን አልቻለም። ስለዚህ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ኮሚቴው ወስኖ፣ ውሉ ከመታደሱ 12 ቀን ቀደም ብለን ሰረዝነው። ውሉ መሰረዙን የሚያረጋግጥ ደብዳቤም በኢሜይል ደረሰን። በግንቦት ግን ኩባንያው የቀጣዩን ዓመት 240 ዶላር ከልጃችን ካርድ ላይ ወሰደ።

«240 ዶላር ምን ያህል ነው?» ለሚል፣ በጊዜው በነበረው የባንክ ምንዛሪ ከ30 ሺህ ብር በላይ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ሥርዓት ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይኸው ገንዘብ 14 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ከለውጡ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። 30 ሺህ ብር ማለት በእኛ አሠራር ለሦስት እናቶች የሚሰጥ ብድር ነው። ከዚያም በላይ የሰጠችን ሰው አመኔታ አለበት። ለእኛ ብላ በሰጠችው ካርድ ያለ ፈቃዷ ገንዘብ ሲወሰድባት ዝም ብንል በሚቀጥለው ዓመት በምን አፋችን እርዳታ እንጠይቃለን?

የተከተልነው መንገድ አራት ደረጃ ነበረው።

አንደኛ፣ ገንዘቡን የወሰደው ማን እንደሆነ ለየን። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በስልክ የተገባ ውል ከሆነ ገንዘቡን የሚሰበስበው ብዙ ጊዜ ጎግል ፕሌይ ወይም የአፕል መደብር ስለሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለእነሱ ነው። በጎግል ፕሌይ በኩል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ መጠየቅ ነገሩን ያቀልላል። የእኛ ክፍያ በቀጥታ ለኩባንያው የተከፈለ ስለነበር የጻፍነው ለራሱ ለኩባንያው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ውሉን አያቋርጥም። ቤቱን ቆልፎ መሄድ ኪራዩን እንደማያቆመው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አጭር ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው የተመዘገብንበትን ኢሜይል፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የተሰረዘበትን ቀን፣ ገንዘቡ የተወሰደበትን ቀንና መጠኑን ይዟል። መጨረሻ ላይ «240 ዶላሩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደዚያው ካርድ ይመለስ» አልን። የስረዛ ማረጋገጫውንም አያያዝን። ስለ ችግራችን አልጻፍንም፤ ድሆች መሆናችንንም አላነሳንም። ደብዳቤውን የሚያየው ሠራተኛ የሚፈልገው ቀንና ቁጥር ነው።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው መልስ አልተመለስንም። ኩባንያው መጀመሪያ «የታደሰ ውል ገንዘቡ አይመለስም» ብሎ ጻፈልን። እኛም «ውሉ አልታደሰም፤ ከመታደሱ 12 ቀን በፊት ተሰርዟል፤ ማስረጃው ይኸው» ብለን ያንኑ ሰነድ መልሰን ላክን። ቀጥሎ ግማሹን ልመልስ፣ ግማሹ ለወደፊት አገልግሎት ይያዝላችሁ አለ። ይህንንም አልተቀበልንም። ያልገዛነውን ነገር በግማሽ ዋጋ የምንገዛበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ ልጃችን ለባንኳ አቤት አለች። ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ ክርክር የሚቀበሉት ካርዱን በሰጠው ባንክ በኩል ነው። ባንኩን መጠየቅ የሚችለውም የካርዱ ባለቤት ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ማስረጃውን አዘጋጀን፣ እሷ አቀረበች። በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ለክሬዲት ካርድ ባለቤት ስህተቱ ከታየበት የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ አንሥቶ 60 ቀን ይሰጣል። አቤቱታው በጽሑፍ መሆን አለበት። ይህ ቀን ካለፈ እውነት ይዞም መሸነፍ አለ። ልጃችን ያቀረበችው ቀኑ ሳያልፍ ነው።

ባንኩ ኩባንያውን ማስረጃ ሲጠይቀው ኩባንያው መከራከሩን ተወ። በሰኔ ወር 240 ዶላሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ልጃችን ካርድ ተመለሰ። ወደ ማኅበራችን ሒሳብ አልመጣም፤ መምጣትም የለበትም፤ ገንዘቡ የእሷ ነውና። እኛም ደብዳቤዎቹን በሙሉ በአንድ ፋይል አያይዘን፣ በመዝገባችን ላይ ጉዳዩ መዘጋቱን ጽፈን፣ ግልባጩን ለእሷ ላክን።

«የእኛ አገር ሕግስ?» የሚል ጥያቄ መጥቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች መብት ሰጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የተላከ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ይሁን እንጂ እዚህ ቢሮ የሌለውን ኩባንያ እዚህ መክሰስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ቅርብ የሆነው መንገድ ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። አገር ውስጥ ባንክ የሰጠው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያላችሁም ብትሆኑ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ባንካችሁ ነው። ካርዱን ተናድዳችሁ አትዝጉ፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደዚያው ካርድ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በእኛ በገጠሮቹ ላይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን አማዞንን «ደንበኞችን ሳያውቁ አስመዝግበሃል፣ መሰረዙንም አክብደህባቸዋል» ብሎ ከሶት ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኩባንያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። የተማሩትና የሠለጠኑትም የገቡበት ወጥመድ ነውና ማንም እህት ሊያሳፍራት አይገባም። ብዙ ሰው «ትንሽ ገንዘብ ናት» ብሎ ይተወዋል። ከብዙ ሰው የተተወች ትንሽ ገንዘብ ግን ለወሰዳት ብዙ ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «ገንዘባችሁን አስመልስላችኋለሁ» ብሎ የሚደውል ሰው የካርዱን የምስጢር ቁጥር ወይም በስልክ የሚላከውን ኮድ ከጠየቃችሁ ሌባ ነው። ገንዘብ ለመመለስ የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም። ስልኩን ዝጉት።

ከዚህ ተነሥተን ለጉባኤው ሦስት የውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበሩ የሚገባው ማንኛውም የደንበኝነት ውል የሰብሳቢዋና የገንዘብ ያዥዋ ፊርማ ይኑርበት። ለእነዚህ ውሎች የተለየ መዝገብ ይከፈት፤ የሚታደሱበት ቀን፣ የከፋዩ ማንነትና መጠኑ ይጻፍበት። መታደሻው 15 ቀን ሲቀረው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ኮሚቴው ይወስን፤ ከቆመም የስረዛው ማረጋገጫ ታትሞ ፋይል ውስጥ ይግባ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ቡናችንን ለነጋዴ ስናስረክብ ሚዛኑን ቆመን እናያለን፣ ካርኒያችንንም በመቀነታችን ቋጥረን እንመለሳለን። ከባሕር ማዶ ካለው ኩባንያ ጋር ስንዋዋልም የሚያስፈልገን ይኸው ልማድ ነው። 240 ዶላሩን ያስመለሰችው በሚያዝያ ወር ያስቀመጥናት አንዲት የስረዛ ደብዳቤ ናት።

ጥያቄ ያላት እህት ማክሰኞና ዓርብ በቢሯችን ታገኘናለች። ስልኳንና ደረሰኟን ይዛ ትምጣ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።