የሳተላይት ምስልና የባለሙያው ድርሻ



ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1፣ ከቻይናው የታይዩዋን ማዕከል መጠቀች። ከወጪዋ ከፍተኛውን ድርሻ የቻይና መንግሥት ሲሸፍን፣ በንድፉ ሥራ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተካፍለዋል። ምስሉን የሚቀበለው ጣቢያም እንጦጦ ላይ ተተክሏል። ይህ ሁሉ በጊዜው በሰፊው ተነግሯል። እምብዛም ያልተነገረው ምስሉ ምድር ከደረሰ በኋላ የሚጠይቀው ድካም ነው።

የካሜራዋ አንድ የምስል ነጥብ በምድር ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር፣ ይኸውም 188 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የዚህን ትርጉም ለመረዳት ኦሎምፒያ ላይ ቆሞ ዙሪያውን መመልከት ይበቃል። ታላላቆቹ ሕንፃዎች በጥቂት ነጥቦች ይወከላሉ፤ የቦሌ መንገድ ቀጭን መስመር ይሆናል፤ በላዩ የሚርመሰመሰው ሚኒባስ ግን ፈጽሞ አይለይም። ወደ ካዛንቺስም ሲሻገሩ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ቆርቆሮው በባዶ መሬት መተካቱን እንዲህ ያለ ምስል ሊያሳይ ይችላል። የፈረሰው ቤት የማን እንደ ነበረ፣ ነዋሪውም ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቀው ግን በእግሩ ዞሮ የመዘገበ ሰው ነው።

በገጠር ችግሩ ይብሳል። ጎንና ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ማሳ 13 ነጥቦች ያህል ስፋት አለው። ሆኖም በጠርዙ ያሉት የጎረቤትን እርሻ ጭምር ስለሚይዙ፣ ሳይቀላቀሉ የሚቀሩት ከ9 አይበልጡም። ከእነዚህ ጤፉን ከስንዴው መለየት የሚቻለው፣ ማሳው ድረስ ሄዶ ያረጋገጠ ባለሙያ ማስረጃ ሲኖር ነው። በዚህ ላይ ሰብሉ የሚያድገው በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት ወራት ነው። የብርሃን ካሜራ ደመናን አልፎ አያይም፤ ራዳር ግን ያያል። ለሰብል ትንበያ ታስቦ ሳተላይት የሚነድፍ ሁሉ ይህን ከግብርና ባለሙያው አስቀድሞ መስማት ነበረበት።

«የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 የ10 ሜትር ምስል በነጻ እየሰጠ የራስ ሳተላይት ለምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በንቀት የሚታለፍም አይደለም። መልሱ ከምስሉ ጥራት አይገኝም፤ የሚገኘው ካሜራውን ከመረጡት፣ ምሕዋሩን ካሰሉትና የተበላሸውን ምስል ካረሙት ሰዎች እጅ ነው። ሳተላይቷ የታሰበላት ዕድሜ ሁለት ዓመት ነበር። ሁለተኛዋ፣ ኢ.ቲ. ስማርት አር.ኤስ.ኤስ.፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከትላለች። መሣሪያው ያረጃል፤ ሙያው ግን በሠራተኛው ዘንድ ይቆያል፤ ይህም ሠራተኛው በሥራው ላይ እንዲቆይ ከተደረገ ነው።

የካርታ ሥራውና የኅዋ ሳይንሱ ዛሬ በአንድ ኢንስቲትዩት ሥር ናቸው። ቀያሹ፣ የግብርና ባለሙያውና መሐንዲሱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ሳተላይቱ ከመጠቀ በኋላ ነው ወይስ ካሜራው ከመመረጡ በፊት የሚለው ግን ገና መልስ ይጠብቃል።