ነጥቡን በእጃችሁ አድርጉ
(ዓርብ ዕለት ሙረባዕ ለተሰበሰቡ አባላት የተደረገ ንግግር)

 የሳምንቱን አንዲት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ እንደ እናንተው የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴም እስከ አስረኛ ነው። ከመካከላችን አይልትስ ለመፈተን ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ስላሉ ነው ዛሬ የቆምኩት። ክፍያው ከደመወዛችን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ በነጥብና በኮማ ምክንያት ውጤት እንዳናጣ እንነጋገር።

የጽሑፉ ክፍል 60 ደቂቃ ነው። ሁለት ጽሑፍ ይጠየቃል፤ አንዱ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ነጥብ የሚሰጠው በአራት መለኪያ ሲሆን አንዱ ሰዋስው ነው። ሥርዓተ ነጥብ የሚታየው እዚያ ውስጥ ነው።

ለምን ይከብደናል? አገር ቤት የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛው ምርጫ ነበር፤ ክቧን አጥቁሮ መውጣት ነው። ዛሬ ደግሞ ስንጽፍ ትልቁን ፊደል ስልካችን ያስተካክልልናል። ፈተና ላይ ግን ስልክ የለም።

ዋናው ነገር ግን ከቋንቋችን ይመጣል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ እሱን ስንጽፍ እጃችን ራሱ ወደ አራት ነጥብ ይሄዳል። እንዲህ እንላለን፦ «ጠዋት ተነስቼ፣ ልጆቹን አልብሼ፣ ቁርስ ሠርቼ፣ ቤቱን አጸዳሁ።» ይህ በአማርኛ ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዎክ አፕ, አይ ድሬስድ ዘ ችልድረን, አይ ሜድ ብሬክፋስት» ብላችሁ በኮማ ከቀጠላችሁ ግን ስሕተት ነው። «አይ» ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ግስ አስከተለ፤ ስለዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ግሡ ቶሎ ስለሚመጣ መጨረሻውን ጆሯችን አይነግረንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ማን? ምን አደረገ? ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አድራጊ ከነግሡ ሲመጣ፣ ከፊቱ ወይ ነጥብ ይኑር፣ ወይ እንደ «አንድ»፣ «ባት»፣ «ሶ»፣ «ቢኮዝ» ያለ ማያያዣ ይኑር። ኮማ ብቻዋን ሁለት ዓረፍተ ነገር አትሸከምም።

ኮማ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። «ኖ ፔይመንት ሪሲቭድ» ማለት ክፍያ አልተቀበልኩም ነው። «ኖ, ፔይመንት ሪሲቭድ» ካላችሁ ግን «አይ፣ ክፍያ ተቀብያለሁ» ሆነ። ደመወዝ ያልተከፈላት እህታችን እንዲህ ጽፋ ብትሰጥ አንዲት ኮማ ልፋቷን ትበላባታለች። ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ትልቅ ፊደልም አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በየቤቱ የምናየው ዓረብኛም የለውም። የዓረብኛ ኮማ የተገለበጠች፣ የጥያቄ ምልክቱም ፊቱን ያዞረ ነው፤ እዚያ የለመደ ዓይን እንዳያሳስታችሁ። በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የአገር ስም፣ የቀንና የወር ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። «እኔ» የምትለዋ «አይ» የትም ብትገባ ትልቅ ናት።

ከላይ የምትንጠለጠለዋ ጭረት፣ አፖስትሮፊ፣ አንዱ ሥራዋ እንደ እኛ «የ» ነው። የአንዲት እህቴ ደብዳቤ ለማለት «ማይ ሲስተር'ስ ሌተር» ይባላል፤ ጭረቷ ከ«ስ» በፊት ናት። እህቶቼ ብዙ ከሆኑ ከ«ስ» በኋላ ትሆናለች። ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ ደግሞ «ዶንት» ከማለት «ዱ ኖት» ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ይሻላል።

ከ60ው ደቂቃ የመጨረሻዎቹን አምስት ለነጥብ ብቻ አስቀምጡ። ያን ጊዜ አዲስ ሐሳብ አትጨምሩ፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጣታችሁ እየተከተላችሁ መጨረሻውን ፈልጉ።

በየማታው አምስት መስመር በእስክሪብቶ ጻፉ፤ የዋላችሁበትን ሥራ ብትጽፉም ይበቃል። ለሚቀጥለው ዓርብ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ተቀያይረን እናርማለን። ማዳም ዕረፍት የማትሰጣት እህት ገጹን ፎቶ አንስታ በዋትሳፕ ለጓደኛዋ ትላክ፤ እኛ አርመን እንመልስላታለን። መውጣት ስላልቻለች ብቻ ማንም ወደ ኋላ አትቅር።