በየቀኑ የሚዋጥ ማስታገሻ ከጡት ካንሰር ያድናል?

አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የጡት ካንሰርን ይከላከላሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ከሜዳ አልተነሣም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ የአሜሪካ ክትትል፣ ማስታገሻ ለዓመታት ባዘወተሩ ሴቶች ላይ ካንሰሩ ቀንሶ አገኘው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የካሊፎርኒያ መምህራን ጥናት፣ አይቡፕሮፌን በየቀኑ ለረጅም ጊዜ በወሰዱት ላይ ከፍ ብሎ አገኘው። ታዲያ የቱን እንመን?

እኔ የተማርኩት ፖለቲካል ሳይንስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ግን የሰልፍ ብዛት የድምፅ ቆጠራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክኒን የሚያዘወትሩ ሴቶች ከማያዘወትሩት በዕድሜም፣ በሕመምም፣ ሐኪም ቤት በመመላለስም ይለያሉ። ልዩነቱን ያመጣው ክኒኑ ይሁን ሌላ፣ በክትትል ብቻ አይለይም። ቆጠራው ዕጣ አውጥቶ ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን መስጠት ነው። ይህም 40 ሺህ በሚጠጉ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ተደርጓል፤ 100 ሚሊግራም አስፕሪን፣ ቀን እየዘለሉ፣ ለ10 ዓመት ያህል። ውጤቱ በ2005 ወጣ፤ የጡት ካንሰር አልቀነሰም።

ጉዳቱ ግን አለ። ማስታገሻ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። የዚሁ ወገን የሆነው ቫዮክስ በ2004 ከገበያ የወጣው በልብና በስትሮክ አደጋ ነው።

ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ውላ ወገቧን ያመማት እህት አልፎ አልፎ ብትወስድ አልቃወምም። ሐኪም ለልቧ አስፕሪን ያዘዘላትም ሳታማክረው አታቁም። ካንሰርን ፈርታችሁ ከሆነ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ይመከራል፤ አብዛኛው ኢንሹራንስም ይሸፍነዋል። እብጠት የዳሰሰች ግን ቀጠሮዋን ለነገ አታሳድር።